ልጃችን ሲጨንቀው ወደ ማን ይሮጣል?
ልጆችን በኢንተርኔት ላይ ስለ መጠበቅ ለወላጆች የቀረበ ትምህርት



በዛሬው ትምህርታችን ልጆቻችን በእጃቸው ስለ ያዙት ስልክ እንነጋገራለን። ስለ ስልክ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ሰዓቱን ነው። «ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ተደፍቶ ዋለ»፣ «ዓይኗ ሊጠፋ ነው»፣ «ምግብ እንኳ በሥርዓት አይበላም» እንላለን። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከሰዓቱ የሚበልጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ በዚያ ስልክ ውስጥ ከልጄ ጋር የሚያወራው ማን ነው? ሁለተኛው፦ ያ ሰው አንድ ቀን ልጄን ቢያስፈራራው፣ ልጄ ወደ ማን ይሮጣል?

ሁለተኛውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው በልባችሁ ያዙት። ስለ ቁልፍና ስለ ፓስዎርድ እንነጋገራለን፤ አስፈላጊም ነው። ነገር ግን ቁልፉ አንድ ቀን ሊከፈት ይችላል። ያን ጊዜ ልጁን የሚያድነው ወደ እናቱና ወደ አባቱ ለመምጣት አለመፍራቱ ነው። የዚህ ትምህርት አሳብ በአጭሩ ይኸው ነው።

1. አደጋው ምን ይመስላል?

እ.ኤ.አ. በማርች 2022 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ለአንድ የ17 ዓመት ወጣት ማታ በኢንስታግራም መልእክት ደረሰው። መልእክቱን የላከችው ቆንጆ ልጅ ትመስላለች። ተጨዋወቱ። የራሷን የመሰለ ምስል ላከችለት፤ የእሱንም ጠየቀችው። እርቃኑን የሚያሳይ ምስል በላከ ጊዜ ንግግሩ በአንዴ ተለወጠ። «ገንዘብ ካልላክህ ይህን ለቤተሰብህና ለጓደኞችህ ሁሉ እልከዋለሁ» ተባለ። የቻለውን ላከ፤ አልበቃቸውም። ከመጀመሪያው መልእክት ስድስት ሰዓት ያህል ቢያልፍ ነው፣ ልጁ ሊነጋጋ ሲል የራሱን ሕይወት አጠፋ።

ከመልእክቱ ጀርባ ሴት ልጅ አልነበረችም። ናይጄሪያ ውስጥ የተቀመጡ ወጣት ወንዶች ነበሩ። ሁለት ወንድማማቾች ተይዘው ወደ አሜሪካ ተወሰዱ፤ በ2024 እያንዳንዳቸው 17 ዓመት ከስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ትክክል ነው። ልጁን ግን አልመለሰውም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በዲሴምበር 2022 ለወላጆች ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ባለ ማስፈራሪያ ላይ ከ7,000 በላይ ጥቆማዎች እንደ ደረሱ፣ ቢያንስ 3,000 ልጆች እንደ ተጠቁና ከደርዘን በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ገልጾ ነበር። የተጠቁትም በአብዛኛው ወንዶች ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እኛ «የምትጠበቀው ሴት ልጅ ናት፤ ወንድ ልጅ ምን ይሆናል?» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ሴት ልጃችንን የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ብለን እንጠይቃለን። ወንዱን ክፍሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ቤት ገብቷል ብለን እንተኛለን። ያ የ17 ዓመት ልጅም ቤቱ ነበር።

አካሄዱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ እወቁት።

ሀ) በኢንስታግራም ወይም በስናፕቻት የማያውቁት እኩያ የጓደኝነት ጥያቄ ይልካል። የልጁን ጓደኞች ዝርዝር ቀድሞ ስላየ «የጋራ ጓደኞች አሉን» ይላል።

ለ) ወሬው ይፈጥናል። በዚያው ምሽት ወደ ሌላ መተግበሪያ እንሂድ ይላል።

ሐ) ምስል ይልካል፤ «ያንተንስ?» ይላል።

መ) ምስሉ እንደ ደረሰው የጓደኞቹንና የዘመዶቹን ስም ዝርዝር ስክሪንሾት አንሥቶ ያሳየዋል። «አሥር ደቂቃ አለህ» ብሎ ያጣድፈዋል። ገንዘቡን በስጦታ ካርድ ወይም በስልክ መላኪያ ይጠይቃል።

ሠ) ከተከፈለው በኋላ አይተውም፤ ይጨምራል። የሚከፍል ሰው ማግኘቱን አውቋልና።

ደግሞም ልጁ ምንም ሳይልክ ሊደርስበት ይችላል። ኤፍ ቢ አይ በጁን 2023 እንዳስጠነቀቀው፣ ወንጀለኞች ከማኅበራዊ ሚዲያ የወሰዱትን ተራ ፎቶ በኮምፒውተር ወደ እርቃን ምስል ቀይረው ያስፈራሩበታል። ስለዚህ «ልጄ ጨዋ ነው፤ እንዲህ አያደርግም» የሚለው አሳብ ብቻውን አይጠብቀንም።

2. ትንንሾቹስ?

የስምንትና የአሥር ዓመት ልጆች ኢንስታግራም ላይ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ጨዋታ ላይ ግን አሉ። እንደ ሮብሎክስና ፎርትናይት ባሉ ጨዋታዎች ልጅ ከማያውቀው ሰው ጋር አብሮ ይጫወታል፤ ቅንብሩ ከፈቀደ ሊጻጻፍ፣ በድምፅም ሊያወራ ይችላል። ይህን ብዙ ወላጅ አያውቅም። ልጁ ብቻውን እየተጫወተ ይመስለዋል።

ክፉ አሳብ ያለው ሰው ወደ ልጅ በክፉ ቃል አይቀርብም። መጀመሪያ ያሸንፍለታል፣ ያበረታታዋል፣ የጨዋታ ገንዘብ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ስለ ቤቱ ይጠይቀዋል፤ «እናትህ ሥራ ላይ ናት? አሁን ከማን ጋር ነህ?» ይላል። ማታ ማታ ሥራ የምትገቡ ወላጆች ይህን ጥያቄ አስተውሉት። ከዚያ «ሌላ ቦታ እናውራ» ብሎ ወደ ዲስኮርድ ወይም ወደ ዋትስአፕ ይወስደዋል። በመጨረሻም «ይህ የእኔና ያንተ ምስጢር ነው፤ ለማንም አትንገር» ይለዋል።

ለትንሽ ልጅ ረጅም ማስጠንቀቂያ አይያዝለትም። ሦስት ምልክቶችን ግን ያስታውሳል፤ አስጠኑት። አንድ ሰው ስጦታ ከሰጠህ፣ ከጨዋታው ውጭ እናውራ ካለህ፣ ወይም ለእማማና ለአባባ አትንገር ካለህ፣ ያኔውኑ ና ንገረኝ በሉት። ለልደት የተገዛ ስጦታ የሚደበቀው እስከ ልደቱ ቀን ብቻ ነው፤ ለዘላለም ከእናትና ከአባት የሚደበቅ ነገር ግን ጥሩ ነገር አይደለም ብላችሁ አስረዱት።

3. የአስፈራሪው መሣሪያ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። አስፈራሪው ብዙ ጊዜ ያለው በሌላ አገር ነው። ልጁን አያውቀውም፣ ሊነካውም አይችልም። በእጁ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ወላጆቹ እንዳያውቁበት መፍራቱን ያውቃል። ይህን ፍርሃት ቀድማችሁ ከእጁ ከነጠቃችሁት ባዶ እጁን ይቀራል።

እስቲ ቆም ብለን በብዙ ቤቶቻችን የሚባለውን እንስማ። «አዋረድከን»፣ «ሰው ምን ይላል?»፣ «ለዚህ ነው ስንት መከራ አይቼ እዚህ ያመጣሁህ?»፣ «አገር ቤት ወስጄ ነው የምጥልህ»። ይህን የምንለው ከጥላቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ አነጋገር ነው፤ ልጆቻችንንም እንወዳቸዋለን። ነገር ግን ልጁ እንዴት እንደሚሰማው አስቡ። ሌሊት በሰባት ሰዓት አንድ የማያውቀው ሰው «ለእናትህ እልከዋለሁ» ሲለው፣ በአእምሮው የሚመጣለት የእናቱ ፊት ነው። ያ ፊት የሚጮህ ፊት ከሆነ፣ በሩን አንኳኩቶ ከመግባት ይልቅ ጨለማ ውስጥ ብቻውን መቅረትን ይመርጣል።

ሌላም አለ። በባህላችን ስለ ሰውነት መናገር ነውር ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ወይም በስዊድንኛ የሚያውቀውን ቃል በአማርኛ ሰምቶት አያውቅም። እኛም በአማርኛ የምናውቀውን በእርሱ ቋንቋ ልንለው አንችልም። ስለዚህ ሊነግረን ቢፈልግ እንኳ በምን ቃል ይነግረናል? ልጁ ከእኛ ጋር የሚያወራበት አማርኛ «በላህ? አጠናህ? ተነሣ፣ እንሂድ» ከሚለው ካላለፈ፣ ለከባዱ ቀን የሚሆን ቋንቋ አላዘጋጀንለትም።

በሉቃስ 15 ያለውን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ልጁ ገንዘቡን አባክኖ፣ ተዋርዶ፣ በአሳማዎች መካከል ተቀምጦ ሳለ የታሰበው የአባቱ ቤት ነው። የሚናገረውን ቃል አዘጋጅቶ ጉዞ ጀመረ። ያን መንገድ ለመጀመር ያስቻለው ምንድን ነው? የአባቱን ቤት ያውቀዋል፤ እዚያ ለአገልጋዮች እንኳ እንጀራ እንደሚተርፍ ያውቃል። አባቱም ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጦ ተቀበለው። ልጁ ጥፋቱን መናገሩ አልቀረም፤ የተናገረው ግን በአባቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ነው። ወላጆች፣ ልጃችን ሲያጠፋ የሚታሰበው ቤት የእኛ ቤት ነው ወይ?

ይህ ማለት ሥርዓት አይኑር ማለት አይደለም። ተግሣጽ ቦታ አለው። ነገር ግን ልጅ ከውኃ እየወጣ ባለበት ሰዓት ስለ ዋና ሕግ አንነግረውም፤ መጀመሪያ እጁን ይዘን እናወጣዋለን።

4. ቀድመን ምን እንበላቸው?

ይህ ቃል ችግር ከመጣ በኋላ የሚነገር አይደለም። በሰላሙ ቀን፣ ደጋግሞ፣ በተራ ወሬ መካከል ይነገራል። ሙሴም በዘዳግም 6 ለወላጆች ያሳሰበው ለልጆቻቸው ቤት ውስጥ ሆነው፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ማታና ጠዋት እንዲናገሩ ነው። ለእኛ መንገዱ ልጁን ከትምህርት ቤት ይዘን የምንመጣበት የመኪና ጉዞ ነው። መኪና ውስጥ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ለከባድ ወሬ ይመቻል።

እንዲህ በሉት፦ «ልጄ፣ አንድ ሰው በስልክ ቢያስፈራራህ፣ አንተም ያጠፋኸው ነገር ቢኖር እንኳ፣ መጀመሪያ ወደ እኔ ና። በሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ። አልጮህም። አብረን እንፈታዋለን። ከምስልና ከውርደት ሁሉ አንተ ትበልጥብኛለህ።» በአማርኛ ብቻ አትተዉት፤ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋም በሉት። ሰዋስዋችሁ ቢሰበር አይጎዳም። ቃላቱ ከጠፉባችሁ ጻፉትና ስጡት።

የሌላውን ልጅ ታሪክ መንገርም ይረዳል። ከላይ ያነበባችሁትን የሚሺጋኑን ልጅ ታሪክ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መንገር ይቻላል። ከነገራችሁት በኋላ «አየህ እንዲህ ነው የሚሆነው!» ብላችሁ አትዝጉት። «ይህ ልጅ ያን ሌሊት ማንን ቢቀሰቅስ ጥሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁትና ዝም ብላችሁ አድምጡ።

ቃላችሁንም በትንሹ ነገር ይፈትኑታል። ልጃችሁ መጥቶ «አንድ መጥፎ ቪዲዮ ወጣብኝ» ቢላችሁ ያ ፈተና ነው። ስልኩን ነጥቃችሁ ከጮኻችሁ ትልቁን ነገር አይነግራችሁም። «ስለ ነገርኸኝ አመሰግናለሁ» ካላችሁት በሩ ተከፍቷል።

በዓረብ አገር እየሠራችሁ ልጆቻችሁን አገር ቤት ከአያት ጋር ያስቀመጣችሁ እናቶችም አላችሁ። ስልኩን ገዝታችሁ የላካችሁት ድምፃቸውን ለመስማት ነው። ያው ስልክ ግን ሌላም ሰው ወደ ልጃችሁ የሚመጣበት በር ነው። ስትደውሉ ስለ ትምህርትና ስለ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ፤ «በቴሌግራም አዲስ ሰው ጻፈልሽ? ያሳፈረሽ ነገር አለ?» በሉ። በዚያው ከተማ የምታምኑትን አንዲት አክስት ወይም እህት ምረጡ፤ ልጅቷም ለእርስዋ መንገር እንደምትችል ከእናንተ አፍ ትስማ።

5. ቅጥሩን መሥራት

ነህምያ 4ን ስናነብ፣ የከተማዪቱ ቅጥር ገና ሳያልቅ ጠላት በዛተ ጊዜ ነህምያ ሕዝቡን በየቤተሰቡ አድርጎ ዝቅ ባለው፣ ክፍት በሆነው ስፍራ እንዳቆማቸው እናያለን። ሰው ሁሉ ከየቤተሰቡ ጋር ቆመ። እኛም በየቤታችን ዝቅ ያለውን ስፍራ መፈለግ አለብን። ብዙ ነገር ይቻላል፤ ዋና ዋናዎቹን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛ፦ ስልክ መኝታ ክፍል አይደር። ብዙ ክፉ ነገር የሚሆነው ሁሉ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው። የሁሉም ሰው ስልክ፣ የአባትም የእናትም ጭምር፣ ሳሎን ወይም ኩሽና ቻርጅ ይደረግ። ለማንቂያ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። ይህን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ብዙ ሠርታችኋል።

ሁለተኛ፦ የልደት ዓመቱ እውነተኛ ይሁን። አብዛኞቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲመዘገብ አይፈቅዱም። መነሻው ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ የሚጠብቀው የ1998 የአሜሪካ ሕግ ነው። ልጁ ዕድሜውን ጨምሮ ሲመዘገብ ድርጅቱ እንደ አዋቂ ያስተናግደዋል። ለምሳሌ ኢንስታግራም ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉት አካውንቱን ራሱ ዝግ ያደርገዋል፤ ከ16 በታች የሆነ ልጅ ያን ለማላላት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዕድሜው ከተዋሸ ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ ላይሠራ ይችላል። አውስትራሊያ ደግሞ ከዲሴምበር 10፣ 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው በሕግ ከልክላለች።

ሦስተኛ፦ ስልኩ ራሱ ያለውን መቆጣጠሪያ ተጠቀሙ። በአይፎን ስክሪን ታይም፣ በአንድሮይድ ፋሚሊ ሊንክ ይባላል፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። አይፎን በልጅ አካውንት ላይ የእርቃን ምስል ሲላክ ወይም ሲመጣ ደብዝዞ እንዲታይና ልጁን እንዲያስጠነቅቅ የሚያደርግ ቅንብርም አለው። በቲክቶክና በጨዋታዎቹም የወላጅ ቁጥጥር የሚባል ክፍል አለ።

እዚህ ላይ በስደት ያለን ቤተሰቦች የተለየ ችግር አለብን። በብዙ ቤት የእናትን ስልክ የከፈተላት፣ ፓስዎርዱን ያወጣው፣ የባንኩን መተግበሪያ የጫነው ልጁ ነው። ጠባቂውን የሚጠብቀው ተጠባቂው ሆኗል ማለት ነው። መቆጣጠሪያውን ልጃችሁ እንዲያስገባላችሁ አትጠይቁት። ከጉባኤው አንድ የሚያውቅ ወንድም ወይም እህት ጠይቁ፤ ኮዱን ግን ራሳችሁ ምረጡ፤ የልደት ቀናችሁም አይሁን።

አራተኛ፦ ለልጁ ደብቃችሁ አትሰልሉት። ቅንብሩን ስታደርጉ ንገሩት፤ ምክንያቱንም አስረዱት። እያደገ ሲሄድ ነፃነቱን ጨምሩለት። ተደብቆ የሚጠብቅ ወላጅ ልጁ ይበልጥ እንዲደበቅ ያስተምረዋል።

6. እኛ ራሳችን የምንከፍተው በር

ልጆቻችን ገና ስልክ ሳይዙ ፎቷቸውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣነው እኛ ነን። ልደቱ፣ ምርቃቱ፣ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ቀን፣ የደንብ ልብሱ ከነስሙ ፌስቡክ ላይ አለ። ዘመድ እንዲደሰት ብለን ነው። ነገር ግን ሙሉ ስም፣ የትምህርት ቤት ስም፣ ቤት የሚታይበት ፎቶ በአንድ ላይ ሲሆኑ፣ የማያውቀን ሰው ልጃችንን በስም ጠርቶ እንዲቀርበው መንገድ ይጠርጉለታል። ፎቶውን ለአያት በግል ላኩላት፤ ደስታዋ አይቀንስም።

ቤተ ክርስቲያንም ኃላፊነት አለባት። የልጆች መዘምራን ሲዘምሩ በዩቲዩብ ላይቭ እናስተላልፋለን፤ ፎቷቸውን ብዙ መቶ ሰው ባለበት የቴሌግራም ቡድን እንለጥፋለን። አስቀድሞ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቅ። የልጆች ሙሉ ስም ከምስል ጋር አይውጣ። ካሜራው የልጆቹን ፊት በቅርበት ባያሳይም መዝሙሩ ይሰማል።

ደግሞም የሚጎዳ ሰው ሁልጊዜ ባዕድ አይደለም። የምናውቀው፣ የምናከብረው፣ «ወንድም» ብለን የምንጠራው ሰውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንም አገልጋይ፣ ማንም መሪ፣ ለአካለ መጠን ካልደረሰ ልጅ ጋር ብቻውን በግል መልእክት አይጻጻፍ። የወጣቶች ቡድን መልእክት ቢያንስ ሁለት አዋቂዎችና ወላጆች ባሉበት ይሁን። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ልጁንም ቅን የሆነውን አገልጋይም የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። ይህን የማይወድ አገልጋይ ካለ ሽማግሌዎች ለምን ብለው ይጠይቁት።

7. ዛሬ ሌሊት ልጄ መጥቶ ቢነግረኝስ?

በመጀመሪያ እቀፉት። «ጥሩ አደረግህ፤ አሁን ብቻህን አይደለህም» በሉት። ከዚያ በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ።

ገንዘብ አትክፈሉ። ከዚህ በፊት ከፍሎ ከሆነም ከአሁን በኋላ አይክፈል።

ምንም ነገር አታጥፉ። መልእክቱን፣ የአካውንቱን ስም፣ ገንዘብ የተጠየቀበትን አድራሻ ስክሪንሾት አንሡ። ነገር ግን የልጁን እርቃን ምስል ለማንም አታስተላልፉ፤ ለዘመድም ለሽማግሌም ቢሆን። የልጅ እርቃን ምስል ማስተላለፍ በራሱ በብዙ አገሮች ወንጀል ነው።

መልስ መስጠት አቁሙ። ማስረጃውን ከያዛችሁ በኋላ አካውንቱን ለድርጅቱ ሪፖርት አድርጉና ብሎክ አድርጉ።

ለሚመለከተው አካል አሳውቁ። በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ጥቆማ በኢንተርኔትና በስልክ 1-800-843-5678 ይቀበላል፤ ኤፍ ቢ አይም ይቀበላል። በእንግሊዝ ልጆች ራሳቸው በ0800 1111 ቻይልድላይን መደወል ይችላሉ። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የልጆች መርጃ ስልክ 116 111 ነው፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስም ያው ቁጥር ያገለግላል። ፖሊስ መጥራት ብዙዎቻችንን ያስፈራናል። ግን ይህን እወቁ፤ ልጃችሁ የተጠቃ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። ኤፍ ቢ አይም ምስል የላኩ ልጆች ጥፋተኛ ተደርገው እንደማይታዩ ደጋግሞ ተናግሯል።

ምስሉን ለማስነሣት ይኸው የአሜሪካ ማዕከል «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው። ምስሉ ከልጁ ስልክ አይወጣም። ስልኩ የምስሉን የቁጥር አሻራ ብቻ ያወጣል፤ በአገልግሎቱ የሚተባበሩ ድርጅቶች በዚያ አሻራ ምስሉን ፈልገው ያነሡታል።

ያን ሌሊት ልጁን ብቻውን አታሳድሩት። ይህን ከሁሉ በላይ አደራ እላችኋለሁ። ፍራሽ አንጥፋችሁ አጠገቡ ተኙ። ሥራ ካላችሁ ደውላችሁ ቅሩ። «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከሰማችሁ እንደ ዋዛ አትለፉት፤ ቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ አሳቡን አያስገባበትም። በአሜሪካና በካናዳ 988፣ በእንግሊዝ 116 123 በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። አስቸኳይ ከሆነ የአገራችሁን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር ደውሉ። ጸልዩለት፤ ደግሞም ደውሉ። አንዱ ሌላውን አይተካውም።

በማግሥቱም ነገሩን ለማኅበሩ አታውሩት፤ ለጸሎት ጥያቄ ተብሎም ቢሆን። ልጁ አንድ ጊዜ በባዕድ ሰው ተጋልጧል፤ በእኛ አፍ ሁለተኛ አይጋለጥ። ለማን እንደሚነገር ልጁን ጠይቁት።

ለቤተሰብ መወያያ

1. በቤታችን ሌሊት ስልኮች የሚያድሩት የት ነው? ከዛሬ ጀምሮ የት ይደሩ?
2. ልጃችን የሚጫወትበትን ጨዋታ አጠገቡ ተቀምጠን አብረን ተጫውተናል? ከእነማን ጋር እንደሚጫወት እናውቃለን?
3. ልጃችን ከእኛ ሌላ ሊነግረው የሚችል አንድ የታመነ አዋቂ ማን ነው? ልጁ ራሱ ይምረጥ።
4. ልጆች ይመልሱ፦ ትልቅ ስህተት ብትሠሩ ለእማማና ለአባባ ለመንገር የሚያስፈራችሁ ነገር ምንድን ነው? ወላጆች መልሱን ሳያቋርጡና ሳይከራከሩ ያድምጡ።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ቢሆንም በዚህ ሳምንት ጠይቁት። መልሱ ቢያሳዝናችሁ እንኳ አመስግኑት፤ ልጃችሁ ሊነግራችሁ ጀምሯልና።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፤ ልጆቻችሁንም በሰላም ያሳድግላችሁ። ተባረኩ።